የዶክተር ቢያድግልኝ ተራ

ራቤል፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለናሁሰናይ፤

እንደምን ከርመሃል? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ ለጥምቀት ቤት መጥቻለሁ። እናታችን ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ገብሱን ውርጭ ቢመታውም ለቤት አላነሰም። ስልክ ብደውል ስለማታነሳ ይህን ደብዳቤ ከአንተ ጋር መኪና ለሚነዳው ለወዳጆ ሰጥቼዋለሁ።

የምነግርህ ስለ አስተማሪህ ስለ ዶክተር ቢያድግልኝ ነው። አትቅደደው፤ እስከ መጨረሻው አንብበው።

አባባን ቀብረህ ኮሌጅ የተመለስክ ዕለት ያደረገብህን አልረሳሁም። ትምህርቱን ቀድማችሁ በቪዲዮ አይታችሁ ትመጣላችሁ፣ ክፍል ውስጥ በበሽተኛ ታሪክ ላይ ትከራከራላችሁ፤ ደንቡ ይህ ነበር። እዚህ ጊሼ ራቤል ኔትወርክ አልነበረም፣ አንተም ሐዘን ላይ ነበርክ፤ ቪዲዮውን ሳታይ ክፍል ገባህ። እሱ ግን "ኔትወርክ የሚጠፋው ለሰነፍ ብቻ ነው፤ ሂድና ገብስህን እጨድ" ብሎ በጓደኞችህ ፊት አስወጣህ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሕክምና ትምህርት አልተመለስክም።

ዘዴው ክፉ ሆኖ አይደለም። ዛሬ እኔም እዚያው ኮሌጅ የማስተምረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ገጠር ለሚሄድ ተማሪ ቪዲዮውን በፍላሽ አስይዤ እሸኘዋለሁ። ክፉው ሰውየው ነው።

ባለፈው ወር የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለመሆን አመለከተ። ሲያስተምር ታይቶ ይመዘን ተባለና ከመዛኞቹ አንዷ እኔ ሆንኩ። እምቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

የዕለቱ ትምህርት ስለ አስም ነበር። ሳሌም የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። "ቪዲዮው ላይ የልጁ ደረት ማፏጨቱን ሲያቆም ሐኪሙ ለምን ደነገጠ?"

"ደግመሽ እዪው" አላት። የአስም ደረት ድንገት ማፏጨቱን ሲያቆም አየር መግባት አቁሞ ሊሆን እንደሚችል አልነገራትም።

እኔ ገባሁበት። "ዶክተር፣ ሐኪሙ ቀጥሎ ምን አደረገ?"

ወረቀቶቹን አገላበጠ። ቪዲዮው ሌላ ሰው የሠራው ነው፤ እሱ ከነጭራሹ አልከፈተውም።

"አላዩትም?" አልኩት።

"ጊዜ አላገኘሁም።"

"እንግዲያው አይተውት ሲመጡ እንቀጥላለን። ለአሁኑ ይውጡ።"

"በተማሪ ፊት?"

"በተማሪ ፊት።"

ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወጣ። ምን ልዋሽህ፣ እንደ ማር ጣፈጠኝ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጥቶ "ምን በድዬሽ ነው?" አለኝ። ስምህን ነገርኩት። ግንባሩን ቋጠረና "ማን ነው እሱ?" አለ። ወንድሜ፣ አላስታወሰህም። የቀረችኝ ርኅራኄ ያኔ ተሟጠጠች። ሹመቱ አይገባውም ብዬ ጻፍኩ፤ ቀረበት። አሁን ኮሪደር ላይ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። እኔ ደግሞ ሆን ብዬ በዚያው እሄዳለሁ።

ትናንት ለእናታችን ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና "ታዲያ ናሁሰናይ ሊመጣ ነው?" አለችኝ።

"እማ፣ ሹመቱን ተከለከለ እኮ።"

"ሰማሁሽ። ልጄ ሊመጣ ነው ወይ?"

"በተማሪ ፊት ነው ያስወጣሁት" አልኳት።

የአባባ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፣ መሪ በያዝክበት ሁሉ ከክፉ ይሰውርህ። ጻፍልኝ። ብትቆጣኝም ጻፍልኝ።

እህትህ
ጽዮን ወልደ ጻድቅ