የዲምቱ ሠርግ በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ

ኢሊያስ፣
ቤሌ ከተማ ወዳለው አባቴ ሱቅ ሄጃለሁ። ሸሽቼ አይደለም። ትንሽ ግን እንደሱ ነው።

ዲስኩ ስለሞላ ትናንት የኮሌጁን ድረ ገጽ ፋይሎች ወደ አዲሱ ዲስክ አዛወርኩ። ገጹን ለሰው የሚያሳየውን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ከዚያ አንብብ ብዬ ሳዝዘው ግን የራሴን ፎልደር ስም ጻፍኩለት። «አልተፈቀደም» ሲለኝ እልህ ያዘኝና ፎልደሩን ለዓለም ሁሉ ከፈትኩት። ሠራልኝ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ዲኑ ደወሉ። ገጹ ላይ የሚታየው ዲምቱ ከተማ ሠርግ ላይ የተነሳሁት ፎቶ ነው አሉ።

እባክህ ቀድመህ ግባና ሰርቨሩን ወደ አዲሱ ዲስክ ምራው። ማንበብ ብቻ ፍቀድለት። የእኔን ፎልደር ዝጋው።

ስትዘጋው የለበስኩትን ልብ ብለህ አትይ።

«አላየሁትም» ያልኩህ ጃኬትህ ታጥቦ ገመዱ ላይ ተሰጥቷል። ዝናብ ከመጣ አስገባው።

ጠሃ