ያን በር ማን መዝጋት ነበረበት?

ፒፓዬ፣

በእኛ ሜዳ አገር በግ የሚያግደው የውኃ ቦይ ነው፤ እዚህ ዮርክሻየር ግን ጋራው ሁሉ በድንጋይ ካብ ተሸንሽኗል። ብስክሌታችን ጠጠሩን ማንኮሻኮሽ ከመጀመሩ አንድ በር ይገጥመናል። ሕጉን መቼም ታውቂዋለሽ፦ ክፍት ያገኘሽውን ክፍት፣ ዝግ ያገኘሽውን ዝግ አድርገሽ ማለፍ ነው።

ዛሬ ወንድምሽ ባርናቢ ዳገቱን ቀድሞኝ ወጣ። ከላይ ያለው በር ዝግ ነበር፤ ከኋላ ስለምመጣ ለእኔ ብሎ ከፍቶ ተወው። እኔ ስደርስ በሩ ክፍት ነው። እንደ ሕጉ አልነካሁትም። ቁልቁለቱን ጨርሰን ዞር ስንል የበግ መንጋ ተከትሎን እየወረደ ነው!

የበጎቹ ባለቤት ሚስስ አልደርሰን ባለ አራት ጎማ ሞተሯን እያስጓራች፣ ውሻዋን ከኋላ ጭና ደረሰች።

"ማነው ክፍቱን የተወው?"

"እሷ ናት! መጨረሻ ያለፈችው እሷ ናት" አለ ያ ጉደኛ ወንድምሽ።

"የከፈተው እሱ ነው! እኔ እንዳገኘሁት ነው የተውኩት።"

ሴትዮዋ ሁለታችንንም በየተራ አየችን። "ጎበዞች፣ ሁለታችሁም ሕግ አክባሪዎች ናችሁ። በጎቼ ግን መንገድ ላይ ናቸው።"

መንጋውን እየነዳን፣ ብስክሌታችንን እየገፋን ያን ዳገት እንደገና ወጣነው። የመጨረሻዋ በግ ስትገባ እኔና ባርናቢ ተሽቀዳድመን እጃችንን ወደ በሩ ዘረጋን።

"ተዉት" አለች። "እሱን እኔው እዘጋዋለሁ።"

የፖስታ ካርዱ ቦታ ስላለቀብኝ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው፤ እማማንና ያን ሰነፍ ድመትሽን ሳሚልኝ። ፍርዱን አንቺ ስጪ፤ ወንድሜ ነው ብለሽ ግን እንዳታዳዪ።

ሮዛሊንድ