አቧራው ልክ ነው

ሐሙስ፣ የካቲት ፲፬ ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ጉልበቴ ቢያስቸግረኝም አለሁ። ይህን ደብዳቤ ራሴው ነኝ የጻፍኩት። እህትህ «ልጻፍልህ» ብላኝ ነበር፤ እጅ አላጣሁም አልኳት። ግድግዳ ያቆመ እጅ ፊደል ማቆም አያቅተውም፤ ቢንጋደድም ታግሠህ አንብብ።

የሠራህበት ፊልም እንዴት ነው ብለህ ስለጠየቅክ ልንገርህ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው ሲኒማ ቤት ይዞኝ የሄደው። አንድ ልጅ በመንኮራኩር ይበራል፣ ሰማዩ ይፈነዳል፣ ከዋክብት ይጋጫሉ፣ ወንበሩ ከሥሬ ይንቀጠቀጣል።

«ይኼ ልጅ ምን ፈልጎ ነው የሚበረው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ዝም ብለው ይዩ እንጂ!»

«ምኑን ልይ? የሚፈልገውን ካልነገሩኝ ቢደርስ ባይደርስ ምን ቸገረኝ?»

ከኋላችን ያሉት ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ከዚያ ከተማው ፈረሰ። የልጁ እናት እዚያ ውስጥ ነበረች። በመስኮት አየ፣ ዓይኑን አንዴ ጨፈነ፣ በቃ። ፎቁ ግን እስኪሰለቸኝ ድረስ ሲናድ ቆየ። ልጁ «እናቴ» እንኳ ሳይል ወደ ሌላ ኮከብ ሄደ። ልብስ ሰፊው አፉን ከፍቶ «አቤት አሠራር!» ይላል።

የፎቁን አቧራ በኮምፒውተር የሠራሁት እኔ ነኝ ብለሃል። አቧራው ልክ ነው። አርባ ዓመት ግንበኛ ነበርኩ፤ ግንብ ሲወድቅ አቧራው መጀመሪያ ከሥር ነው የሚወጣው፣ ከዚያ ነው ወደ ላይ የሚያብጠው። እንደዚያው አድርገኸዋል፤ ሐቁን አልደብቅም። ግን አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ አቧራ? እናትህ አራት ወር ስትማቅቅ «ሥራው ካላለቀ አይለቁኝም» ያልከው ለዚህ ነው? አቧራ እንደሆነ እዚህም ቤት ሞልቷል፤ እሷ ከሄደች ወዲህ የሚጠርገው የለም።

እህትህ «ተኝታ ሳለች ዐረፈች» ብላ ጽፋልሃለች። እንደዚያ በዪው ያልኳት እኔ ነኝ። እውነቱ ሌላ ነው።

በመጨረሻው ቀን ዓይኗ አላይ ብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ «በሩ ተንኳኳ፤ እሱ ነው?» አለችኝ። የተንኳኳ በር የለም። እኔ ውሸት አልወድም፣ ታውቃለህ። ያን ቀን ግን «አዎ፣ መጣ» አልኳት።

«የታለ?»

«ሻንጣውን እያስገባ ነው። ከስቷል። ጢም አብቅሏል። ያንን አንቺ የሠራሽለትን ሹራብ ነው የለበሰው፤ ክርኑ ላይ ተቀዷል።»

«እስካሁን አልጣለውም?» ብላ ሳቀች። «ላቡ ሳይደርቅ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይጠጣ በለው።»

ምንም የማሳያት ነገር አልነበረኝም፤ እሷ ግን አየችህ። ከዚያ «እጁን ስጠኝ» አለች። ምን ላድርግ? የራሴን ሰጠኋት። ጨብጣው ቆየችና፣ «እጁ ሻክሯል፤ ሥራ በዝቶበታል፣ አትቆጣው» አለች። ጀንበር ሳትጠልቅ ዐረፈች።

ዕድሜዋን ሙሉ የያዘችውን እጅ ትስተዋለች? እስከ ዛሬ እሱን ነው የማስበው።

ና አልልህም፤ እህትህም እንዳትለምንህ ከልክያታለሁ። ክፍልህን ቀለም ቀብቼዋለሁ፤ ግድግዳው እርጥበት ስላወጣ ነው።

ምርቃት የእናትህ ሥራ ነበር፤ እኔ አልችልበትም። ብቻ ጤና አይንሳህ፤ የሚሰማህ ሰውም አይጥፋ።

አባትህ