ምርምር እንጂ ምርመራ አላልኩም

ለእህቴ ለፀዳለ፣ ጅማ እንዴት ይዛሻለች? እኔና እማዬ ከኮልፌ ጭቃ በቀር የሚያማርረን የለም።

ያንቺው ኪዳን በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት፣ እሱው ራሱ ጋብዞኝ፣ በበጎ ፈቃድ የተግባር ምርምር ልጀምር ገባሁ። ተማሪዎቹ ጮክ ብለው ማንበብ ለምን እንደሚፈሩ ከመምህራኑ ጋር ላጠና ነበር። አንዷ መምህርት «ምርምር» ያልኩትን «ምርመራ» ብላ ሰምታ ለሌሎቹ አወራች፤ ሁሉም ልትሰልለን መጣች ብለው ተነሱብኝ። ዳይሬክተሩ «ማን አመጣት?» ሲሉ ወደ ኪዳን ዞርኩ። «እኔ አላውቃትም» አለ፤ እሁድ እኛ ቤት ምሳ የበላ ሰው!

ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ኪዳን ላንቺ ሽማግሌ የሚልክበትን ቀን እየጠበቀች ሳሎኑን ቀለም አስቀብታለች።

እንግዲህ ጤናሽን ጠብቂ። ስትጽፊልኝ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ኪዳን ሰው ፊት ሲያስተዋውቅሽ ምን ብሎ ነው የሚጠራሽ?

እህትሽ ኤልዳና