ከግድግዳ ጋር የታሰረው የእናቴ ስልክ

ለሸማቾች አቤቱታ ሰሚ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥር 14

ጉዳዩ፦ የስልክ ባትሪ ለብቻው እንዲሸጥልንና ራሳችን እንድንቀይረው እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ክፍልዎ «የስልክ ባትሪ በተጠቃሚው ይቀየር ወይስ አይቀየር?» ብሎ ሕዝቡን ባወያየበት ቀን አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። እጄን እስከ ጆሮዬ ድረስ አነሳሁና ሰው ዞር ሲል ፀጉሬን ያስተካከልኩ መስዬ አወረድኩት። ስለዚህ በጽሑፍ አመለክታለሁ።

1. እናቴ በሆስፒታል ተተኪ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሰው ሲጎድል ይደወልላታል፤ ካላነሳች ለሌላ ይደወላል። ሦስት ጊዜ ያላነሳች ከዝርዝሩ ትሰረዛለች። እናቴ ሁለቱን ጨርሳለች።

2. ስልኳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከቻርጀር ከተነቀለ አንድ ሰዓት አይቆይም። ስለዚህ እናቴ ከግድግዳው ሳትርቅ ትውላለች፤ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ እኔ ዘብ እቆማለሁ።

3. ከአያቴ ጋር ስልኩን ወደሸጠልን ኩባንያ ጥገና ክፍል ሄድን። ባለሙያው ስልኩን ሳይከፍት «ይሄማ አርጅቷል፤ አዲሱን ለምን አትወስዱም?» አለን። ስልክ በሁለት ዓመቱ ካረጀ፣ አስራ ስድስት የሞላኝ እኔ ጡረታ ይገባኛል። ባትሪውን ብቻ ሽጥልን ስንለው፣ ለብቻው እንደማይሸጥ፣ በሙጫ የታሸገውም ለእኛው ደህንነት እንደሆነ አስረዳን። አያቴ አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው።
«ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ ምስር የምታክል ባትሪ እቀይር ነበር» አሉት።
«አባባ፣ ይሄ እኮ ሰዓት አይደለም።»
«እውነትህን ነው፤ ሰዓት ቢሆን እስከ ማታ ይሠራ ነበር።»
ባለሙያው ሳቀ። ባትሪው ግን አልተሸጠልንም።

4. የኩባንያው ተወካይ በአዳራሹ ባትሪው የሚታሸገው ስልኩ ቀጭን እንዲሆንና ውሃ እንዳይገባው ነው ብለዋል። ስለ ውሃው አልዋሹም፤ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የሚውል ስልክ ውሃ ከየት ያገኘዋል? ስለ ቅጥነቱ ግን፣ በእኛ ቤት የቀጠነችው እናቴ ናት።

ስለዚህ ኩባንያው ባትሪውን ለብቻው እንዲሸጥልን እንዲያዝዙልን፣ ወደፊት የሚሸጡት ስልኮችም ባትሪያቸው በቀላሉ የሚወጣ እንዲሆን እንዲወስኑልን በትሕትና እለምናለሁ። አምፖል ተቃጠለ ተብሎ ቤት አይፈርስም። አያቴ መነጽራቸውን ወልውለው እየጠበቁ ነው።

ማመልከቻ የሚቀበሉት እህት «መልሱ በስልክ ይነገርሻል» ብለውኛል። ያለን ስልክ ይኸው አንዱ ነው። እባክዎ በደብዳቤ ያድርጉልን። የግድ መደወል ካለብዎ ደግሞ ቶሎ ይዝጉት፤ ሆስፒታሉ በዚያው ሰዓት ደውሎ መስመሩ ተይዞ ካገኘው፣ ሦስተኛው የእርስዎ ይሆናል።

ከአክብሮትና፣ ባትሪው እስከፈቀደ ድረስ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የተተኪዋ የጽዳት ሠራተኛ ልጅ