በጋሼ ፍረዝጊ ትከሻ ላይ

ኦሮራ፣ መስከረም 1999 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ፍረዝጊ፣

የፈረንሳዮቹን የኢምፕሬሽኒስት ሠዓሊዎች ሥዕል ጠጋ ብሎ ያየ ሁሉ «ይኼ የቀለም ጠብታ ነው እንጂ ሰው የታለ?» ሳይል አይቀርም። እርስዎም የመመረቂያ ሥራዬን ሲያዩ ጠይቀውኛል። ራቅ ይበሉ፣ ዓይንዎ ራሱ ያገጣጥመዋል አልኩዎት።

በዚያ ሥራ የአምናውን የዘመን መለወጫ ፒክኒክ ስስል የኮሚኒቲው ሰው ሁሉ ሸራዬ ላይ እንዲኖር ፈልጌ ነበር። ፈረንሳዮቹ የበዓል ባንዲራቸውን በብሩሽ ጫፍ ጠብ ጠብ እንዳደረጉት እኔም የእኛን አደረግኩ። ኮከብ ይኑረው አይኑረው እያሉ የሚጨቃጨቁትም ዝም አሉ፤ በጠብታ ውስጥ ኮከብ አይታይማ። እርስዎን ከጋሽ ሀብቱ ጋር ዳማ ሲጫወቱ ሳልኩ። ከአስመራ ተሰደው መጥተው እዚህ ፒዮሪያ መንገድ ላይ ጎረቤታችን ከሆኑ ወዲህ ከፒክኒካችን ቀርተው አያውቁም። ትከሻዎ ላይ ጣል ካደረጉት አረንጓዴ ሹራብ ሥር የፀሐይዋን ቢጫ ሳብ አደረግኩ፤ ከዚያ በታች የወንበሩ ቀይ አለ። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ ሳየው ባንዲራችንን ደርበው ቁጭ ብለዋል።

አየሁት ጋሼ። ለልጅዎ ለቅሳነት «ሳላስበው ነው» ብያታለሁ። አጀማመሩ እውነት ነው፣ እንዳለ መተዌ ግን አውቄ ነው። ከሁለቱ አገሮቻችን ጦርነት በኋላ ያ ቀለም እርስዎ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ እያወቅኩ፣ ሥዕሉን ስላሳመረው ተውኩት። ያውም በታክሲዎ ኮሌጅ ያመላለሱኝን እርስዎን።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ጋሽ ሀብቱ «ፍረዝጊን በዳማ ማሸነፍ ቢያቅተን ባንዲራችንን አለበስነው» ሲል አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እርስዎ ኮፍያዎን አነሱና፣

«ልጄ፣ እኔ እኮ የራሴ አለኝ» ብለውኝ ወጡ።

የሥዕሉ ፎቶ ቤተ ክርስቲያናችሁ ደርሶ ሰው እንደሚያሽሟጥጥብዎ፣ ከዚያ ወዲህም ሌክውድ ከተማ እሷ ቤት እንደከረሙ ቅሳነት ነገረችኝ። ጋሽ ሀብቱ ዳማውን ዘርግቶ ብቻውን ይቀመጣል። ይቅርታ ማለት ሲያቅተው «ፈርቶኝ ነው የቀረው» ይላል።

ኮሚኒቲው ሥዕሉን አዳራሹ ውስጥ ለዘለቄታው ሊሰቅለው ነበር፤ እምቢ አልኩ። የኮሚኒቲው ሰብሳቢ እትዬ ዘርፈሽዋል ተቀየሙኝ፤ የአንድ ሰው ትከሻ ከአገር ይበልጣል ወይ አሉኝ። ሸራውን አውርጄ ወሰድኩ። ቢጫውን ልፍቅ ቢላዋ ካነሳሁ በኋላ፣ እሱንም ሳልጠይቅዎት ላደርገው መሆኔ ገባኝ።

ስለዚህ እጠይቅዎታለሁ። ፈቃድዎ ከሆነ ይደውሉልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ እወስድዎታለሁ። ወንበሩ ላይ ይቀመጡልኝና እንደገና ልሳልዎት። የሚለብሱትን እርስዎ ይምረጡ።

ልጅዎ ስምረት