አባዬ ያልሰማው ውጤት

ኅዳር 3
አባዬን ለምርመራ ሆስፒታል ወሰድኩት። ወረቀት ቀርቷል፤ ውጤት በስልክ ይላካል አሉን። ደስ አለው። ዓይኑ ከጠፋ አሥራ ሁለት ዓመቱ... ስልኩ ግን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ መልእክቱን ማንንም ሳያስቸግር ነው የሚሰማው። ስልክ ቤት ሠላሳ ዓመት መስመር ሲያገናኝ የኖረ ሰው አይደል! ከእንግዲህ ለኔ ብለሽ ከሥራ አትቀሪም አለኝ።

ኅዳር 9
ውጤቱ መጣ። ስልኩ "ምስል" ብሎ ዝም አለ። ደግሞ ነካው። "ምስል።" ለካ ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ነው የላኩት። ሦስቴ ሞክሮ ስልኩን ሰጠኝ።
"አንብቢልኝ፣ የኔ ልጅ።"
አነበብኩ። ካንሰር... ቆሽቱ ላይ።
"ደህና ነው አባዬ፣ ትንሽ የጨጓራ ነገር ነው" አልኩት። ከአፌ እንዴት ወጣ?

ኅዳር 10
ዛሬ ልንገረው? ሐኪሟ ብትነግረው አይሻልም?... ነገ።

ኅዳር 16
ቀጠሮው ነበር። ሐኪሟ ያወቀ መስሏት ስለ ሕክምናው ማስረዳት ጀመረች። አላቋረጣትም። እስክትጨርስ ሰምቶ አመሰገናት። ቤት ገብተን ጫማውን ካወለቀ በኋላ ነው የተናገረው።
"ሳምንት ሙሉ የኔን ነገር ይዘሽ ዞርሽ። አልቀየምሽም። ግን መጀመሪያ መስማት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።"
እጁን ሳምኩት።

ኅዳር 20
አብረን ሆስፒታል ሄድን፤ ውጤት የሚልከውን ክፍል ኃላፊ አገኘነው። ልጅዎ ታንብብልዎት አለው፣ በትሕትና። አባዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት።
"እስቲ ዓይንህን ጨፍንና ምን እንደታመምኩ ንገረኝ።"
ሰውዬው ሳቀ። ከዚያ የምሩን ጨፈነ። "ምስል" አለው ስልኩ። "ምስል።" ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱ ሌላ ነበር። ቁጥራችንን ያዘ።

ታኅሣሥ 14
አባዬ ከስቷል። ቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨመርኩ።
ከሆስፒታሉ ተደወለ፤ ከዛሬ ጀምሮ ውጤት የሚላከው በጽሑፍ ነው፣ ለሁሉም። "የስንቱ ልጅ ከማንበብ አረፈች በለው!" ብሎ አባዬ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ሄደበት።

ጥር 6
የሁለተኛው ምርመራ ውጤት ገባ። ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ውጭ ቆምኩ። የስልኩ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። አንዴ አስነበበው። ደገመው። ላንኳኳ እጄን አንስቼ መለስኩት።
ብዙ ቆይቶ ጠራኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ አስቀምጦ እጄን ያዘ።
"ጉበቴ ጋ ደርሷል" አለኝ። "ቀስ ብዬ ልንገርሽ።"
ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረኝ። ሰማሁት።